የቆጡ ዱባ

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይባላል። ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ በመምህርነት ዘመኔም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁት አላስታውስም። ሁለቱም ሐረግ ናቸው፤ ሁለቱም አጥር ላይ ይወጣሉ፤ ቅጠላቸውም ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላል። ዳሩ ግን አንዱ ለወጥ፣ ሌላው ለዕቃ ይሆናል። ለተማሪዎቼም የማስረዳቸው ይህንኑ ነበር፤ ይኸውም ከአንድ ጓሮ የበቀሉ ሁለት ነገሮች በጠባያቸውም በመጨረሻቸውም ሊለያዩ እንደሚችሉ ነው። ከዚህ አባባል ውስጥ ሌላ ቁም ነገር ማውጣት የቻልሁት ግን ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ነው። ቅል ሆዱ ተጠርጎና ደርቆ፣ ባዶውን ለብዙ ዘመን ይኖራል። ዱባ ግን መቆየት ያለበት ሥጋውንና ዘሩን እንደ ያዘ ነው። ባዶውን የሚቆይና ሙሉውን የሚቆይ ነገር አጠባበቁ አንድ ሊሆን አይችልም።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ቴአትር፣ ስለ ሥዕልና ስለ ሥነ ጽሑፍ በሚወሳበት መጽሔት ውስጥ ስለ ጓሮ ዱባ የሚናገር ጽሑፍ ስታገኙ ትገረሙ ይሆናል። እኔም ብዕሬን ሳነሣ ይህ ሳይሰማኝ አልቀረም። ይሁን እንጂ «ባህልን መጠበቅ» የሚለው ቃል በየስብሰባው ሲነገር በሰማሁ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ቤተ መዘክር ወይም ቤተ መጻሕፍት ሳይሆን የእናቴ ቆጥና በላዩ የተደረደረው ዱባ ነው። ለምን እንደዚህ እንደ ሆነ የደረሰብኝን በመተረክ ላስረዳ።

የተወለድሁት በጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በምትርቅ አንዲት የገጠር መንደር ነው። አገሩ ወይና ደጋ ነው፤ በቆሎና ዳጉሳ፣ ኑግና በርበሬ ይበቅልበታል። የአባቴ ግዛት ማሳው ሲሆን፣ የእናቴ ግዛት ደግሞ ጓሮው ነበር። በዚያ ጓሮ ውስጥ ጎመን፣ ጌሾ፣ ጤና አዳምና በሶብላ ነበሩ፤ ከሁሉም በላይ ግን ዱባ ነበረ። የእናቴ ዱባ አመድማ አረንጓዴ ቆዳ ያለው፣ ጎኑ በሸንተረር የተከፋፈለ፣ ሲቆርጡት ሥጋው እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ የሆነ ዓይነት ነበር። ሲቀቀል ዱቄትነቱ የሚያይል በመሆኑ ከቡና ጋር ሲቀርብ እንጀራ አያስመኝም ነበር።

እናቴ የተከላውን ሥራ የምትጀምረው ግንቦት ሊወጣ ሲል፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው ነው። ፍግና አመድ ሲደፋበት የከረመውን ቦታ ትመርጥና በመኮትኮቻ አለስልሳ፣ በአራት በአራት እርምጃ ርቀት ጉድጓድ ታበጃለች። በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ፍሬ ጣል ታደርጋለች። ከበቀሉ በኋላ ብርቱውን ታስቀርና ሁለቱን ትነቅላቸዋለች። ለምን እንደምትነቅላቸው ስጠይቃት፣ «ሦስት ልጅ በአንድ እንጀራ አይጠግብም፤ አንዱ ይጥገብ» ትለኝ ነበር። ሦስት ልጆች ያላት እናት ይህን ስትል የምትናገረው ስለ ዱባ ብቻ አለመሆኑ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

በነሐሴ ወር ሐረጉ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ሲደርስ አበባው ይፈካል። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል። ወንዴው በረጅምና ቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ሴቴዋ ግን ገና ከመፍካቷ በፊት ከሥሯ ትንሽ ፍሬ ይዛ ትታያለች። አበባው ጎሕ ሲቀድ ይከፈትና ፀሐይ ከፍ ስትል ይከደናል። ስለዚህ የወንዴው ዱቄት ወደ ሴቴዋ መድረስ ያለበት በእነዚያ ጥቂት የማለዳ ሰዓታት ውስጥ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ንብ ነው። በነሐሴ ግን ማለዳውን ሁሉ ዝናብ ስለሚጥል ንብ ከቀፎው አይወጣም፤ ያልተዳቀለችውም ትንሽ ፍሬ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። እናቴ በዚህ ጊዜ ገሳዋን ደርባ ወደ ጓሮ ትወርዳለች። ወንዴውን አበባ ቀጥፋ፣ ቅጠሉን ገልጣ፣ በሴቴዋ አበባ መኻል ታሻሸዋለች፤ ከዚያም የሴቴዋን አፍ በሣር ታስራለች። «ንብ ዝናብ ሲፈራ እኔ ንብ እሆናለሁ» ትል ነበር። በኋላ ከመጻሕፍት እንደ ተማርሁት፣ አፏን በሣር ማሰሯ የጎረቤት ዱባ ዘር እንዳይቀላቀል የሚያደርግ ብልሃት ነው። እሷ ይህን ከማን እንደ ተማረች ጠይቄአት አላውቅም። ልጅ እናቱን የሚጠይቀው ምግብ እንጂ ጥበብ አይደለም።

ጥቅምት ሲገባ ቅጠሉ መጠውለግ ይጀምራል። ያን ጊዜ እናቴ በየዱባው ላይ የአውራ ጣቷን ጥፍር ጫን ታደርጋለች። ጥፍሯ ከገባ ትተወዋለች፤ ካልገባ ደርሷል ማለት ነው። ፍሬውን ከሐረጉ የሚያያይዘውን ጉጥ «እትብቱ» ትለው ነበር። እትብቱ እንደ ቡሽ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ አራት ጣት ያህል አስቀርታ በቢላዋ ትቆርጠዋለች። ማንም ሰው ዱባ በእትብቱ አንጠልጥሎ ሲሸከም ካየች ትቆጣለች። እትብቱ ከሥሩ ከተነቀለ በዚያች ቀዳዳ መበስበስ ይገባልና ያ ዱባ አይከርምም። ከዚያም ዱባዎቹን በቤቱ መደብ ላይ አሥር ቀን ያህል ፀሐይ ታሞቃቸዋለች፤ ማታ ማታ በሰሌን ትሸፍናቸዋለች። በዚህ ጊዜ ቆዳቸው ይጠነክራል፤ ትንንሽ ጭረትም ካለ እንደ ቁስል ይሽራል።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ቆጥ የሚወጡት። ቆጡ ከምድጃው በላይ በመሆኑ ዘወትር ሞቅ ያለና ደረቅ ነበር። እናቴ የጤፍ ጭድ ታነጥፍና አንዱ ዱባ ከሌላው ጋር እንዳይነካካ አራርቃ ትደረድራቸዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ላይ ወጥታ እያንዳንዱን ታገላብጣለች፣ ትዳብሳለች፣ ታሸታለች። የለሰለሰ ወይም ነጥብ የጣለ ካገኘች የዚያ ቀን ወጥ እሱ ነው። ከሁሉ የተሻሉት ለሁዳዴ ይቆያሉ። በመጋቢት ጎተራው መጉደል ሲጀምርና ጓሮው ደርቆ ጎመን ሲጠፋ፣ በጥቅምት የተቆረጠው ዱባ ከቆጥ ወርዶ ለቤተ ሰቡ ይደርሳል። ሲቆይ ደግሞ ይጣፍጣል፤ በውስጡ ያለው ስታርች ቀስ በቀስ ወደ ስኳር ይለወጣልና። ዘር የሚሆነውን እናቴ የምትመርጠው ከቀመሰች በኋላ ብቻ ነበር። በመልክ ያማረውን ሳይሆን በጣዕም የበለጠውን ዱባ ፍሬ አጥባ በጥላ ታደርቅና አመድ ነስንሳበት በአንዲት ትንሽ ቅል ውስጥ ትጨምረዋለች። ቅሏ ከምድጃው በላይ ካለው ማገር ላይ ተንጠልጥላ እስከ ግንቦት ትቆያለች። እንግዲህ በእናቴ ቤት ዱባና ቅል አበቃቀላቸው ለየቅል ቢሆንም፣ የአንዱ ዘር የሚከርመው በሌላው ሆድ ውስጥ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. የመምህርነት ሥልጠናዬን ጨርሼ ወደ ደብረ ብርሃን ተመደብሁ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የገብስ፣ የባቄላና የበግ አገር ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባል እውነትነቱ የሚታወቀው እዚያ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩን እንደ ጨው ያነጣዋል።

በማግሥቱ ዓመት ኅዳር ላይ እናቴ በዘመድ እጅ አሥራ ሁለት ዱባ ላከችልኝ። ሁለት ጆንያ ሙሉ ዱባ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ላይ አውቶቡስ ለውጦ ደጄ ደረሰ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በተከራየሁት ቤት በስተጀርባ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ዕቃ ቤት ነበር፤ ንጹሕ ነው፣ አይጥ አይገባበትም፣ በሩም በደንብ ይቆለፋል። እናቴ በጭስ በጠቆረ ቆጥ ላይ ከምታስቀምጠው ይህ እጅግ የተሻለ መስሎ ታየኝ። የተማረ ሰው አይደለሁምን? ዱባዎቹን እትብት እትብታቸውን እየያዝሁ አወጣኋቸውና በማዕዘኑ ላይ ከምሬ በሩን ቆለፍሁ። ቁልፉንም ኪሴ ውስጥ ከተትሁ።

ለገና ዕለት አንዱን ላወጣ በሩን ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ። ከታች ያሉት ፈርሰው ውኃቸው በሲሚንቶው ላይ ተንጣሎ ነበር። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙን በአካፋ አውጥቼ ቀበርኋቸው። ጎረቤት እንዳያይብኝ ሌሊት ነበር የቀበርሁት።

በክረምቱ የዕረፍት ጊዜ ወደ አገሬ ስሄድ እናቴ ስለ ዱባዎቹ ጠየቀችኝ።

«ሁሉንም በላናቸው፤ ጣዕማቸው ልዩ ነበር» አልኋት።

«ስታስቀምጣቸው እትብታቸው ደህና ነበር?»

ዝም አልሁ። እሷም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ እሳቱን ቆሰቆሰች።

«ልጄ፣ ዱባ እንደ ሰው ነው» አለችኝ በመጨረሻ። «ብርድ ሲገባው ከውስጥ ነው የሚታመም፤ በላዩ የሚታይህ ዘግይቶ ነው። ቆልፈህበት ነበር አይደል? የተቆለፈበትን ማን ይዳብሰዋል?»

ዋሽቼ እንደ ነበር አላነሣችብኝም። የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። የላከችልኝ ዱባ የራሷ የሁዳዴ ስንቅ እንደ ነበረ፣ በዚያ ዓመትም በመጋቢት ቆጧ ባዶ እንደ ነበረ የነገረችኝ እኅቴ ናት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዱባ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። የእናቴን ቃል ሳይንስ በቁጥር አስቀምጦት አገኘሁ። ዱባ ለመክረም የሚስማማው የሙቀት መጠን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ከ10 በታች ለብዙ ቀን ከቆየ ብርዱ ሕዋሳቱን ይጎዳቸዋል፤ ጉዳቱም በቆዳው ላይ የሚታየው ዘግይቶ ነው። እርጥበት ሲበዛ ይሻግታል፤ አየሩ እጅግ ሲደርቅም ይጨማደዳል። ተራርቆ መቀመጡ አየር እንዲዘዋወርና የአንዱ ብስባሴ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ ነው። የሥጋው ቢጫነት ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን «ኤ» ከሚለውጠው ካሮቲን የመጣ በመሆኑ ለሕፃናት ዓይን ጠቃሚ ነው። እናቴ ግን «ዱባ የበላ ልጅ ማታ አይደናበርም» ትል ነበር።

ከዚህ የበለጠ ያስደነቀኝ ደግሞ የታሪኩ ጉዳይ ነው። ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ዱባ ግን የአሜሪካ ተወላጅ ነው። በሜክሲኮ፣ በኦሃካ ግዛት፣ ጊላ ናኪትስ በተባለ ዋሻ ውስጥ የተገኘው የዱባ ፍሬ 10,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ወደ ሌላው ዓለም መሠራጨት የጀመረውም ኮሎምቦስ በ1492 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ነው። እንግዲህ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው የአገራችን ተክል ነው ስንለው የኖርነው ዱባ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ኖሯል። ታዲያ የእኛ ያደረገው ምንድን ነው? በየዓመቱ ቀምሰው፣ መርጠው፣ አድርቀውና መልሰው የዘሩት ሴቶች እጅ ነው። ከዚህ ሌላ የባለቤትነት ማስረጃ የለንም፤ የሚያስፈልገንም አይመስለኝም።

እናቴ በመስከረም 1986 ዓ.ም. ዐረፈች። መርዶው ዘግይቶ ስለ ደረሰኝ በቀብሯ ላይ አልተገኘሁም። ለአርባዋ ስሄድ፣ በነሐሴ በእጇ ያዳቀለቻቸውን ዱባዎች እኅቴ ቆርጣ መደብ ላይ ደርድራቸው ነበር። ሰባቱን ለእኔ ሰጠችኝ። በዚህ ጊዜ አያያዙን አውቄበታለሁ። በአውቶቡስ ውስጥ በጭድ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቀፍኋቸው። ደብረ ብርሃን ስደርስ ከወጥ ቤቱ ምድጃ በላይ የእንጨት መደርደሪያ ሠራሁላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳበስኋቸው። አንድም አልበሰበሰም።

ነገር ግን ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። በሁዳዴ ውስጥ ስድስቱን ቆርጠን በላን፤ ፍሬአቸውንም ባለቤቴ ቆልታ ከቡና ጋር አቀረበችው። እኔም እየፈለቀቅሁ በላሁ። ዘር ማስቀረት በሐሳቤ አልመጣም፤ የእናቴ የዘር ቅል በማገሩ ላይ እንደ ተንጠለጠለች ነበር የማውቀው።

ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ስሄድ ግን የእናቴ ቤት አልነበረም። ወንድሜ አፍርሶ ከመንገዱ ዳር አዲስ የቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። በጓሮው ላይ የባሕር ዛፍ ችግኝ ተተክሏል። በወንድሜ አልፈርድም፤ ልጆች አሉት፣ ባሕር ዛፍም ገንዘብ ያመጣል። ቅሏን ፈልጌ ከአዲሱ ቤት ጓዳ አገኘኋት። አነሣኋትና ነቀነቅኋት። ድምፅ የላትም። ቤቱ ሲፈርስ ልጆች መጫወቻ አድርገዋት፣ ፍሬው ከአመዱ ጋር ተደፍቶ ኖሯል። በውስጧ ምን እንደ ነበረ ያወቀ ሰው አልነበረም። «ይህችን ቅል ስጠኝ» አልሁት ወንድሜን። «ባዶ ቅል ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ሳቀ፤ ሰጠኝም። እኅቴም የራሷን ድርሻ ፍሬ እንደ እኔው የእናቷን ቅል ተማምና ቆልታው ነበር።

ስለዚህ በምድር ላይ የቀረው የእናቴ ዱባ ዘር በወጥ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ባለው በአንድ ዱባ ውስጥ ያለው ብቻ ሆነ።

ይህን ባወቅሁ ጊዜ ወዲያው ቆርጬ ዘሩን ማውጣት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ያ ዱባ የእናቴ እጅ የነካው የመጨረሻው ነገር ነው። ከቆረጥሁት ያልቃል፤ ካልቆረጥሁት ግን አለ። በየማለዳው ሄጄ አየዋለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ባለቤቴ ኀዘኔን ስለምታውቅ አልተናገረችኝም። የተናገሩኝ በዕድሜ የገፉት ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ ገብተው ወደ መደርደሪያው አንጋጠው ተመለከቱና፣

«መምህር፣ ይህ ዱባ ታቦት ነው እንዴ?» አሉኝ።

«የእናቴ መታሰቢያ ነው፣ እማማ» አልኋቸው።

«እናትህ እንዲህ ተቀምጦ እንዲታይላት ነው የተከለችው? ግንቦት እኮ ሊያልቅ ነው። ሳትቆርጠው ብትቀር እሱ ራሱ ይቆረጥብሃል።»

በማግሥቱ ቢላዋ ይዤ ተቀመጥሁ። ቆዳው እንደ እንጨት ጠንክሮ ነበር። ሲከፈት ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ፍሬዎቹ በቅለዋል። በጨለማው ሆድ ውስጥ ነጫጭ ሥሮች ተጠማዝዘው፣ መውጫ አጥተው፣ ሥጋውን ወግተው ገብተዋል። አንዳንዱም ሁለት ገርጣጣ ቅጠል አውጥቶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ዱባ ከልክ በላይ ሲቆይ እንደሚደርስ አሁን አውቃለሁ። ፍሬውን እንዳይበቅል የሚያግደው ኃይል ጊዜው ሲያልፍ ይደክማል፤ እርጥበትም አለ፤ ስለዚህ ዘሩ ዝናብ የመጣ ይመስለውና ይነሣል። ግን አፈር የለም፤ ብርሃንም የለም። የሚበቅለው ለመሞት ነው።

ከመቶ ከሚበልጠው ፍሬ ውስጥ ጤናማ ሆነው ያገኘኋቸው 53 ብቻ ነበሩ። አጥቤ በጥላ አደረቅኋቸው።

እነዚህን 53 ፍሬዎች ምን ላድርጋቸው? የመጀመሪያው ሐሳቤ ሁሉንም ራሴ መትከል ነበር። ሆኖም ከሲሚንቶው ዕቃ ቤት የተማርሁት ነገር ስለ ነበረ ከፋፈልኋቸው። ሃያውን ለእኅቴ ላክሁ። አሥራ አምስቱን ሸዋ ሮቢት ለሚያስተምር ባልንጀራዬ ሰጠሁት። አሥራ ሁለቱን ለራሴ አስቀረሁ። የቀሩትን ስድስት የትምህርት ቤታችን ዘበኛ፣ ዘመዶቹ ከደብረ ሲና በታች ባለው ቆላ ስለሚኖሩ፣ «ለእኔም ጣል አድርግልኝ» ብሎኝ ሰጠሁት። እውነቱን ለመናገር በስድስቱ ላይ ተስፋ አልጣልሁም ነበር።

የራሴን በወጥ ቤቱ ግድግዳ ጥግ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት፣ ፍግ አብዝቼ ተከልሁ። በነሐሴ እንደ እናቴ ንብ ሆንሁ። ሌሊት ሌሊት በጆንያ አለበስኋቸው። ሦስት ዱባ ያዘልኝ። በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት በአንድ ሌሊት የወረደው ውርጭ ግን ቅጠሉን እንደ ተቀቀለ ጎመን አጠቆረው፤ ዱባዎቹም ጥፍር የሚያስገቡ ጥሬዎች ነበሩ፣ ዘራቸውም ባዶ ገለባ። የሸዋ ሮቢቱን ጃርት ፈጀው። የእኅቴ ግን ያዘ። በኅዳር ደግሞ ዘበኛው በጠዋት በራፌ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ በጋቢው ውስጥ አመድማ አረንጓዴ፣ ሸንተረራም ዱባ አቅፏል። እትብቱ አራት ጣት ተትቶለታል። «መምህር፣ ዘጠኝ ነው የያዘው፤ ይህ የእርስዎ ድርሻ ነው» አለኝ። ምን ብዬ እንዳመሰገንሁት አላውቅም፤ ያለቀስሁ ይመስለኛል።

ለራሴ ያስቀረሁት ሞተ፤ የሰጠሁት ኖረ። ይህን ስል ስጦታ ሁልጊዜ ይድናል ማለቴ አይደለም፤ የሸዋ ሮቢቱም የተሰጠ ነበርና። በአንድ ሰው እጅና በአንድ ስፍራ ብቻ ያለ ነገር ግን ለአንድ ሌሊት ውርጭ የተጋለጠ መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ የተሟላ አይደለም። እኅቴ አበባውን በሣር ማሰር ስለ ተወች፣ በሦስተኛው ዓመት ዱባዋ ወደ ቢጫነት ያደላ፣ ሸንተረሩም የጠፋ ሆነ። የጎረቤት ዱባ ዘር ገብቶበት ነው። «ይህ የእማዬ ዱባ አይደለም» ብዬ ተቆጣሁ። እኅቴ ግን ቀቅላ አቀረበችልኝና፣ «መጀመሪያ ቅመሰው» አለችኝ። ቀመስሁት። ያው ዱቄትነት፣ ያው ጣዕም ነው። «እማዬም የምትመርጠው ቀምሳ እንጂ መልኩን አይታ አልነበረም» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። እስከ ዛሬም ድረስ ይህ ጥያቄ በልቤ አልተቋጨም። የዘበኛው ዘመዶች ዱባ በመልኩ የእናቴ ነው፤ የእኅቴ ደግሞ በጣዕሙ። የቱ ይበልጥ የእናቴ እንደ ሆነ መወሰን አልቻልሁም፤ ስለዚህ የሁለቱንም ዘር ለየብቻ እይዛለሁ።

አሁን በጡረታ ላይ እገኛለሁ። ዜማን፣ ተረትን፣ የእጅ ጥበብን፣ የቆየ ጨዋታን «እንጠብቅ» ሲባል ስሰማ የሲሚንቶው ዕቃ ቤት ቁልፍ በኪሴ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ዐዋቂው ሲያርፍ ማገሩ ላይ የተንጠለጠለው ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ካልተዘጋጀ፣ ቅሉ ይተርፍና ዘሩ ይደፋል። ቆልፈን ያስቀመጥነውም፣ ለክብሩ ስንል ሳንነካው የተውነውም፣ በራሱ ሆድ ውስጥ በቅሎ ይቀራል። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ሁለቱንም ያጠፋሁት እኔ ነኝና። የምታስተምሩ፣ የምትጽፉ፣ የምትዘፍኑ፣ ሕዝብን የምታደራጁም ሁሉ፣ በእጃችሁ ያለውን በየሳምንቱ ዳብሱት፤ ጊዜው ሲደርስም ቢላዋ ለማንሣት አትፍሩ።

ያቺ ቅል ዛሬ በወጥ ቤቴ፣ ከምድጃው በላይ ተንጠልጥላለች። ስትነቀነቅ ድምፅ አላት። በዚህ ዓመት በውስጧ 60 ፍሬ አለ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ባዶዋን መሆን አለባት።